ሪቻርድ ኦወንና የሊንከንሻየሩ የራስ ቅል

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1843 ዓ.ም. በምሥራቃዊ እንግሊዝ፣ በሊንከንሻየር አውራጃ፣ ስታምፎርድ ከምትባለው ከተማ አቅራቢያ ካለው ረግረግ ምድር አንድ የራስ ቅል ተቆፍሮ ወጣ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።) ቅሉ የየብስ እንስሳ ቅል አልነበረም፤ የአፍንጫው ቀዳዳ እንደ ዶልፊንና እንደ ዓሣ ነባሪ ወደ ላይ፣ ወደ ግንባሩ የሸሸ ነው። በመንጋጋው ላይ የተተከሉት ጥርሶችም በቁጥር ጥቂት ሆነው እጅግ ወፋፍራሞች ነበሩ። ባሕሩ ከዚያ ሥፍራ ከሸሸ እጅግ ረጅም ዘመን ያለፈው በመሆኑ፣ ይህ እንስሳ ምን እንደ ነበረና ከየትኛው ዘር እንደሚመደብ ሊናገር የሚችል ሰው ያስፈልግ ነበር። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር እንዲህ ያለ ጥያቄ በተነሣ ቁጥር ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠራው ስም የሪቻርድ ኦወን ነበር።

ኦወን ቅሉን በሕይወት ካሉት የባሕር አጥቢዎች ቅል ጋር አንድ በአንድ አነጻጸረ። በ1846 ዓ.ም. ስለ ብሪታንያ አጥቢዎችና አዕዋፍ ቅሪተ አካላት ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥም ፎኬና ክራሲደንስ፣ ማለትም ጥርሰ ወፍራሙ ፖርፖይዝ ብሎ ሰየመው። ፖርፖይዝ የዶልፊን ዘመድ የሆነ፣ አፉ ያልሾለ፣ አነስተኛ የባሕር አጥቢ ነው፤ በኦወን ዘመን ግን ስሙ ሰፋ ባለ ትርጉም ይሠራበት ስለ ነበር ትልልቆቹን ጥርሳም የባሕር አዳኞች ጭምር ያጠቃልል ነበር። እንዲህ ያለ እንስሳ በሕይወት ያየ የእንስሳት አጥኚ ባለመገኘቱ፣ ጥርሰ ወፍራሙ ፖርፖይዝ ዘራቸው ከጠፋው ፍጥረታት መዝገብ ገባ።

ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1861 ዓ.ም.፣ ይኸው ጠፋ የተባለው እንስሳ መንጋ ሆኖ በባልቲክ ባሕር ወደሚገኘው ወደ ኪል ባሕረ ሰላጤ እየዋኘ ገባ። በተከታዩም ዓመት በዴንማርክ ጠረፍ በድኖች ተጥለው ተገኙ። በኮፐንሃገን የሚኖረው የእንስሳት ሊቅ ዮሐንስ ራይንሃርት አጥንቶቹን ኦወን ካሳተመው ገለጻ ጋር ሲያስተያይ ልዩነት አጣባቸው። ከፖርፖይዞችም ወገን አውጥቶ ፕሱዶርካ የሚል የራሱን የወገን ስም ሰጠው፤ ስሙም ዛሬ ድረስ የሚሠራበት ነው። እንስሳው እስከ 6 ሜትር የሚደርስ ርዝመት ያለው ሲሆን፣ ቀይ ባሕርን ጨምሮ በዓለም ሞቃትና ለዘብተኛ ባሕሮች ውስጥ ይገኛል። ከጠረፍ ርቆ በጥልቁ ውኃ ላይ መኖርን ስለሚመርጥ ነበር የሰሜን አውሮፓ ሊቃውንት ሳያዩት የኖሩት።

እንግዲህ ኦወን ስለ አጥንቱ የጻፈው ትክክል ነበር ማለት ነው። ራይንሃርት እንስሳውን ለይቶ ለማወቅ የቻለው በኦወን ገለጻ ተመርቶ ነውና። የተሳሳተው አጥንቱ ያልተናገረው ሲጨመርበት ነበር፤ የራስ ቅል ባለቤቱ የሞተ መሆኑን እንጂ ዘሩ ማለቁን አይናገርምና። በዚህ አንድ ቅል ላይ የደረሰው ነገር፣ መልኩን እየለዋወጠ፣ በኦወን የ88 ዓመት ዕድሜ ውስጥ ደጋግሞ ደርሷል።

ሪቻርድ ኦወን ሐምሌ 20 ቀን 1804 ዓ.ም. በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ በላንካስተር ከተማ ተወለደ። አባቱ ከካሪቢያን ደሴቶች ጋር የሚነግድ ነጋዴ ነበር፤ ልጁ 5 ዓመት ሲሆነው ሞተ። በ1820 ዓ.ም. በከተማው የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ዘንድ በተለማማጅነት ገባ። የላንካስተር ግንብ የአውራጃው ወኅኒ ቤት ስለ ነበር፣ የሞቱ እስረኞች አስከሬን ሲመረመር የመርዳት ግዴታ በልጁ ላይ ወደቀ። የሰው አካል አሠራር የገባው ከመጽሐፍ በፊት በዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ ነው። ከዚያም በ1824 ዓ.ም. ኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ግን አልሰነበተም። ወደ ለንደን ወርዶ በቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል በታዋቂው ሐኪም በአበርኔቲ ሥር ሠራ፤ በ1826 ዓ.ም. የቀዶ ሕክምና ፈቃዱን አገኘ።

ሐኪም ሆኖ ሊቀር ሲችል የሕይወቱን አቅጣጫ የለወጠው ሥራ በ1827 ዓ.ም. መጣለት። የንጉሣዊው የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ፣ በ1793 ዓ.ም. የሞተው ታላቁ ሐኪም ጆን ሃንተር ሰብስቦት የነበረውን 13,000 ያህል የአካል ናሙና ይጠብቅ ነበር። በአልኮል የተሞሉ ብልቃጦች፣ የደረቁ ብልቶች፣ አጥንቶች፣ ከዓሣ እስከ ሰው ያለው ፍጥረት ሁሉ በዚያ ተደርድሮ ነበር። ችግሩ ዝርዝር መዝገብ አለመኖሩ ነው። የሃንተር ሚስት ወንድም የነበረው ኤቨራርድ ሆም የሃንተርን የጽሑፍ ማስታወሻዎች ወደ ቤቱ ወስዶ፣ ከውስጣቸው ብዙውን የራሱ አስመስሎ አሳተመ ተብሎ ይታመናል፤ በ1823 ዓ.ም. ደግሞ በእሳት አቃጠላቸው። የሙዚየሙ ጠባቂ ዊልያም ክሊፍት፣ ሃንተር በሕይወት ሳለ ያገለገለ ሰው ነበርና፣ ከማስታወሻዎቹ ከፊሉን ቀደም ብሎ በእጁ ገልብጦ ማስቀረቱ በጀ። ኦወን የክሊፍት ረዳት ሆኖ ሥራው ይህን ስም የለሽ ክምችት መለየት ሆነ።

ሥራው አድካሚ ነበር። በብልቃጥ ውስጥ ያለው ቁራጭ የማን ጉበት፣ የማን ልብ እንደ ሆነ ለማወቅ ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ተመሳሳዩን እንስሳ አግኝቶ፣ ከፍቶ፣ ማስተያየት። በለንደን የእንስሳት ማቆያ የሚሞቱት እንስሳት ወደ እርሱ ይመጡ ስለ ነበር፣ አንበሳ፣ ካንጋሮ፣ ቀጭኔ፣ አውራሪስ፣ ዝሆን ከእጁ አላመለጡም። የክሊፍትን ልጅ ካሮላይንን አጭቶ ከ8 ዓመት ቆይታ በኋላ በ1835 ዓ.ም. አገባ። ካሮላይን አንድ ቀን ወደ ቤቷ ስትመለስ በመግቢያው አዳራሽ የአውራሪስ በድን ተጋድሞ ማግኘቷ በታሪኩ ከሚነገሩት ነገሮች አንዱ ነው። ሌላዋ ሴት ዕቃዋን ጠቅልላ ወደ አባቷ ቤት በሄደች ነበር፤ እርሷ ግን ለባሏ የውጭ ቋንቋ ጽሑፎችን ስትተረጉምለትና ሥዕሎችን ስትሥልለት ኖራለች።

በ1830 ዓ.ም. የፈረንሳዩ ዦርዥ ኩቪዬ ለንደንን ሲጎበኝ፣ ከኮሌጁ ሰዎች መካከል ፈረንሳይኛ አቀላጥፎ የሚናገረው ወጣቱ ኦወን ነበርና እንግዳውን እንዲያስተናግድ ታዘዘ። በተከታዩ ዓመት ኦወን ፓሪስ ሄዶ የኩቪዬን ሙዚየም አየ። ኩቪዬ ያስተማረው ነገር በአጭሩ ሲገለጽ፣ የእንስሳ አካል እንደ አንድ መሣሪያ ነው የሚል ነበር። ሥጋ በል ጥርስ ያለው እንስሳ ሥጋ የሚፈጭ ሆድ፣ የሚይዝ ጥፍር፣ የሚያሯሩጥ እግር ሊኖረው ግድ ነው፤ ስለዚህ አንዱን ክፍል በሚገባ የመረመረ ሰው ያልተገኘውን ክፍል አስቦ ሊደርስበት ይችላል። ይህ አስተሳሰብ የኦወን የዕድሜ ልክ ስንቅ ሆነ። ኩቪዬም ራሱ በ1823 ዓ.ም. ከደቡብ ፈረንሳይ ጠረፍ የተገኘን የራስ ቅል ዚፊየስ ብሎ ሰይሞ ዘሩ የጠፋ ዓሣ ነባሪ ነው ብሎ ነበር፤ ኋላ እንስሳው በሕይወት መኖሩ ተረጋገጠ። ደቀ መዝሙሩ የመምህሩን ጥበብ ሲወርስ ስሕተቱንም አብሮ ወረሰ።

የኦወን ችሎታ በሙሉ ብርሃኑ የታየው በ1839 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት አሜሪካዊው ሐኪም ሪቻርድ ሃርላን ከደቡባዊ አሜሪካ ግዛቶች የተገኙ ግዙፍ አጥንቶች ይዞ ወደ ለንደን መጣ። ሃርላን ከ5 ዓመት በፊት እንስሳውን ባሲሎሶረስ፣ ማለትም ንጉሠ እንሽላሊት ብሎት ነበር፤ የባሕር ተሳቢ መስሎት ነውና። ኦወን ጥርሶቹን አየ። የመንጋጋ ጥርሶቹ ሥር መንታ ነው፤ መንታ ሥር የአጥቢዎች ምልክት ነው። ይህ አልበቃው ብሎ ከጥርሱ ስስ ቅጠል የመሰለ ቁራጭ አስፍቆ በማይክሮስኮፕ መረመረ። የጥርሱ ውስጣዊ አሠራር ከተሳቢ ጋር ሳይሆን ከባሕር አጥቢዎች ጋር ተስማማ። ንጉሠ እንሽላሊት የተባለው ጥንታዊ ዓሣ ነባሪ ሆኖ ተገኘ። ሃርላንም ፍርዱን ተቀበለ። ኦወን ዚውግሎዶን የሚል ስም ሊያወጣለት ፈልጎ ነበር፤ ነገር ግን የሳይንስ ሕግ የመጀመሪያውን ስም ስለሚያስቀድም፣ ያ ዓሣ ነባሪ እስከ ዛሬ በተሳቢ ስም ይጠራል። በግብፅ በረሃ ዋዲ አል ሂታን በተባለው ሸለቆ አጽማቸው በአሸዋ ላይ ተዘርግቶ የሚታየው ጥንታውያን ዓሣ ነባሪዎች ከዚሁ ወገን ናቸው።

በዚያው ዓመት ጆን ሩል የተባለ ሐኪም ከኒው ዚላንድ የመጣ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ሁለቱም ጫፎቹ የተሰበሩ የአጥንት ቁራጭ ይዞ ወደ ኮሌጁ መጣ። ኦወን መጀመሪያ የበሬ ቅልጥም መስሎት ሊሸኘው ነበር። ሰውየው ግን አልለቅ ስላለ ከሙዚየሙ አጥንቶች ጋር ያስተያየው ጀመር፤ በሬም አልሆነ፣ ፈረስም አልሆነ። የአጥንቱ ውስጥ ግድግዳ እንደ ንብ እንጀራ የተቦረቦረ ነበርና ከወፍ የጭን አጥንት በቀር የሚመስለው አልተገኘም፤ ያውም ሰጎንን የሚያህል ወፍ። በኒው ዚላንድ እንዲህ ያለ ወፍ አለ ያለ የሳይንስ ሰው አልነበረም። የእንስሳት ጥናት ማኅበሩ አሳታሚዎች አመነቱ፤ ጽሑፉ ኃላፊነቱ የጸሐፊው ብቻ መሆኑ ታውቆ ወጣ። ኦወንም ተጨማሪ ቅጂ አሳትሞ ሌላ አጥንት እንዲፈለግ ወደ ኒው ዚላንድ ላከ። ከ4 ዓመት በኋላ፣ በ1843 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ዊልያም ዊልያምስ የተባለ ሚስዮናዊ የላካቸው ሣጥኖች ደረሱ። ሲከፈቱ በውስጣቸው የነበረው የአንድ ታላቅ ወፍ እግርና ዳሌ ነበር። መብረር የማይችለው፣ ዘሩ የጠፋው፣ ሞአ የሚባለው ወፍ ታወቀ።

የኦወን ዝና በዓለም የናኘው በዚህ ነው። ሆኖም በዝናው ውስጥ ሳይነገር የቀረ ነገር አለ። ሩል አጥንቱን ሲያመጣ የማኦሪ ሕዝብ ስለ አንድ የጠፋ ታላቅ ወፍ የሚናገረውን ሰምቶ ነበርና የወፍ አጥንት መሆኑን ቀድሞ ገልጿል። ኦወን መደምደሚያውን ሲያቀርብ ግን ከአጥንቱ ብቻ ያገኘው አስመስሎ ነበር። ንጽጽሩ የእርሱ መሆኑ አይካድም፤ ፍንጩ ግን ከሌላ ሰው አፍ የመጣ ነበር።

በ1841 ዓ.ም. በፕሊመዝ በተደረገው የብሪታንያ የሳይንስ ማኅበር ጉባኤ ስለ ብሪታንያ ጥንታውያን ተሳቢዎች ንግግር አደረገ፤ በተከታዩ ዓመት ሲታተም ዳይኖሶር የሚለው ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ታየ። መሠረት ያደረጋቸው ሦስት እንስሳትን ነበር፤ ሜጋሎሶረስ፣ ኢጓኖዶንና ሃይሌዮሶረስ። ከሦስቱ ሁለቱን ያገኘውና የሰየመው ጌዴዎን ማንቴል የተባለ የገጠር ሐኪም ነው። ለምህንድስና ሰው የኦወን አስተሳሰብ እዚህ ላይ ግልጽ ሆኖ ይታያል። የቀደሙት ሰዎች የአንዲት ትንሽ እንሽላሊት ጥርስ ወይም አጥንት ከግዙፉ ጋር ስንት እጥፍ እንደሚበላለጥ አስልተው ርዝመቱን በዚያው አባዙት፤ ስለዚህ ኢጓኖዶን ከ20 ሜትር በላይ ሆኖ ወጣ። ኦወን ግን የእያንዳንዱን የአከርካሪ አጥንት ርዝመት ለክቶ በቁጥራቸው አባዛና 9 ሜትር እንኳ እንደማይሞላ አስታወቀ። የዳሌው አከርካሪዎች አምስት ሆነው እንደ አንድ ምሰሶ መጣበቃቸውን፣ እግሮቹም እንደ እንሽላሊት ወደ ጎን የተዘረጉ ሳይሆኑ ከአካሉ ሥር ቀጥ ብለው ጭነቱን የሚሸከሙ መሆናቸውን አየ። ሦስቱን በአንድ ወገን ያስተሳሰረው ይህ የጭነት አሸካከም ነበር።

ይህም ሐሳብ በ1850ዎቹ መጀመሪያ በለንደን አጠገብ በሲድነም የክሪስታል ቤተ መንግሥት የአትክልት ሥፍራ ላይ በጡብና በሲሚንቶ ቆመ። ቀራጺው ዋተርሃውስ ሆኪንስ በኦወን አማካሪነት ለአንዱ ኢጓኖዶን ብቻ 4 የብረት ምሰሶዎች፣ 600 ጡብ፣ 38 በርሜል ሲሚንቶና 90 በርሜል የተሰበረ ድንጋይ ፈጅቷል። ታኅሣሥ 31 ቀን 1853 ዓ.ም. ምሽት ሊቃውንቱ በኢጓኖዶኑ ቅርጽ ውስጥ ገበታ ዘርግተው እራት በሉ፤ በራስጌው የተቀመጠው ኦወን ነበር። ሐውልቶቹ ዛሬም ቆመዋል። በኢጓኖዶኑ አፍንጫ ላይ የተተከለው ቀንድ ግን የአፍንጫ ሳይሆን የአውራ ጣት አጥንት መሆኑ በ1878 ዓ.ም. በቤልጅግ በርኒሳር ከተባለ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሙሉ አጽሞች ሲገኙ ታወቀ። የፊት እግሮቹ ከኋላዎቹ የቀጠኑ እንደ ነበሩ ማንቴል ቀድሞ ተናግሮ ነበር፤ የሰማው አልነበረም እንጂ።

ማንቴል በዚያ የእራት ገበታ ላይ አልነበረም። በ1841 ዓ.ም. ከሠረገላ ወድቆ አከርካሪው ተጎድቶ፣ ለዓመታት በሕመም ሲማቅቅ ቆይቶ፣ ሥቃዩን ለማስታገስ በሚወስደው ኦፒየም ሳቢያ በ1852 ዓ.ም. ሞቷል። ሳይሞት በፊት ከኦወን ጋር የነበረው ፉክክር መራራ ነበር። ኦወን በ1846 ዓ.ም. ቤለምናይት ስለተባለው ጥንታዊ የባሕር ፍጥረት በጻፈው ጽሑፍ የንጉሣዊውን ማኅበር ሜዳልያ ሲቀበል፣ ጉዳዩን ከእርሱ ቀድሞ የገለጸ ሌላ አጥኚ እንደ ነበረ አላነሣም። በ1849 ዓ.ም. ተመሳሳዩ ሜዳልያ ለማንቴል ይሰጥ ሲባል ግን ተቃወመ፤ አልተሳካለትም። ማንቴል ከሞተ በኋላ የተጣመመው የአከርካሪው ክፍል ተወስዶ በኮሌጁ ሙዚየም፣ ኦወን በሚያስተዳድረው ክምችት ውስጥ ተቀመጠ። ለሕክምና ትምህርት ይጠቅማል ተብሎ ይሆናል፤ ቢሆንም የሚሰቀጥጥ ነገር ነው።

አንባቢ ከዚህ ተነሥቶ ኦወንን ክፉ ሰው ብቻ አድርጎ እንዳይሥለው ያስፈልጋል። ስለ ከተሞች ጤና በተቋቋመው የመንግሥት ኮሚሽን ውስጥ አባል ሆኖ የተወለደባትን የላንካስተርን የውኃና የፍሳሽ ሁኔታ መርምሮ ዘገባ አቅርቧል። በለንደን መካከል የነበረው የስሚዝፊልድ የቁም ከብት ገበያ ወደ ዳር እንዲወጣ ከመከሩት አንዱ ነበር። ለሠራተኞች ያደረጋቸው ትምህርታዊ ንግግሮች አዳራሽ ይሞሉ ነበር። ቻርልስ ዳርዊን በቢግል መርከብ ተጉዞ ከደቡብ አሜሪካ ያመጣቸውን የግዙፍ አጥቢዎች ቅሪተ አካላት የመረመረለትና የሰየመለትም ኦወን ነው፤ በዚያን ጊዜ ሁለቱ ወዳጆች ነበሩ።

ወዳጅነቱ የፈረሰው ዳርዊን በ1859 ዓ.ም. ስለ ዝርያዎች አመጣጥ መጽሐፉን ባሳተመ ጊዜ ነው። ኦወን የፍጥረታት አካል በአንድ ንድፍ ላይ የተመሠረተ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ የሰው እጅ፣ የሌሊት ወፍ ክንፍና የዶልፊን መቅዘፊያ አንድ ዓይነት አጥንቶች እንዳሏቸው ከእርሱ የተሻለ ያስረዳ የለም። ለዚህም ተመሳሳይነት በ1843 ዓ.ም. የሰጠው ፍች ዛሬም በሳይንስ ይሠራበታል። ዳርዊን ግን ንድፍ ያለውን የጋራ አያት አለው። በ1860 ዓ.ም. ኦወን ስሙን ሳይጽፍ ባወጣው ረጅም ሂስ የዳርዊንን መጽሐፍ አጥላላ፤ ስም ባልገለጸበት በዚያው ጽሑፍ ውስጥ የኦወንን ሥራዎች እያሞገሰ አነሣ። ጸሐፊው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ማንም አልተቸገረም። ከዚህም ጋር በ1857 ዓ.ም. የሰው አንጎል ከጦጣዎች ሁሉ የተለየ ክፍል አለው፣ ከእነዚህም አንዱ ሂፖካምፐስ ማይነር የተባለው እጥፋት ነው ብሎ ነበር። ቶማስ ሃክስሊ እጥፋቱ በዝንጀሮዎችም ውስጥ መኖሩን በአደባባይ አሳየ፤ ሌሎች ሐኪሞችም አንጎል እየከፈቱ አረጋገጡለት። ኦወን በቀጥታ ተሳስቻለሁ ከማለት ይልቅ የቃላቱን ትርጉም እያጠበበ ለዓመታት ተከራከረ። ጥርስ ፍቆ በማይክሮስኮፕ እስኪያይ ድረስ የማያምነው ሰው፣ በተከፈተ አንጎል ፊት ዓይኑን ጨፈነ።

ለሕዝብ ያበረከተው ታላቁ ሥራው ሕንፃ ነው። በ1856 ዓ.ም. የብሪታንያ ሙዚየም የተፈጥሮ ታሪክ ክፍሎች የበላይ ጠባቂ ሲሆን፣ ክምችቱ ከመጻሕፍትና ከጥንታውያን ሐውልቶች ጋር ተጨናንቆ፣ ብዙው በምድር ቤት ታሽጎ አገኘው። በ1859 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ሰፊ ሙዚየም እንዲሠራ ዕቅድ አቀረበ። በዕቅዱ ውስጥ ብዙ ክርክር ያስነሣው ለዓሣ ነባሪዎች የጠየቀው ቦታ ነበር። የፓርላማ ሰዎች አፌዙበት። እርሱ ግን ሕዝቡ አንበሳና ዝሆን በማቆያ ሊያይ ይችላል፣ ዓሣ ነባሪን ግን ከሙዚየም በቀር የትም ሊያይ አይችልም በሚለው አቋሙ ጸና። በ1862 ዓ.ም. ሐሳቡ በፓርላማ ወደቀ፤ በተከታዩ ዓመት ደቡብ ኬንሲንግተን የሚገኘው መሬት ተገዛ። የንድፍ ውድድሩን ያሸነፈው መሐንዲሱ ፍራንሲስ ፎክ በ1865 ዓ.ም. በድንገት ሞተ። ሥራው ለአልፍሬድ ዋተርሃውስ ተሰጠ፤ ግንባታው በ1873 ዓ.ም. ተጀምሮ ሚያዝያ 18 ቀን 1881 ዓ.ም. ለሕዝብ ተከፈተ። ኦወን ያን ጊዜ የ76 ዓመት ሽማግሌ ነበር። ከዕቅዱ እስከ መክፈቻው 22 ዓመት ሙሉ ሳይታክት የተሟገተለትን ሕንፃ ለማየት በቃ።

ሕንፃው በብረት አጽም ላይ የቆመ ሆኖ ውስጡም ውጭውም በተቃጠለ የሸክላ ጡብ የተለበጠ ነው፤ ሸክላው የተመረጠው የለንደንን የከሰል ጭስ ስለሚቋቋም ጭምር ነበር። በሸክላው ላይ የእንስሳትና የዕፅዋት ምስሎች ተቀርጸውበታል። በኦወን ፍላጎት መሠረት በምሥራቁ ክንፍ የተቀረጹት ዘራቸው የጠፋ፣ በምዕራቡ ክንፍ የተቀረጹት ደግሞ በሕይወት ያሉ ፍጥረታት ናቸው።

በ1884 ዓ.ም. የሰር ማዕረግ ተሰጠው። ንግሥት ቪክቶሪያ ከ1852 ዓ.ም. ጀምሮ በሪችመንድ መናፈሻ በሰጠችው ቤት ውስጥ የመጨረሻ ዓመታቱን በጡረታ አሳለፈ። ካሮላይን በ1873 ዓ.ም. ሞታ ነበር፤ አንድያ ልጁ ዊልያምም በ1886 ዓ.ም. ቀደመው። ኦወን ታኅሣሥ 18 ቀን 1892 ዓ.ም. አረፈ። የልጅ ልጁ የሕይወት ታሪኩን ሲያዘጋጅ፣ ስለ አያቱ የሳይንስ ሥራ የሚናገረውን ምዕራፍ እንዲጽፍ የጠየቀው ቶማስ ሃክስሊን ነበር። ሃክስሊም እሺ ብሎ ጻፈ፤ ለባላጋራው የሚገባውንም አልነፈገውም።

በሞተበት ዘመን ሙዚየሙ በአየርላንድ ዌክስፎርድ ጠረፍ ላይ የተጣለ የሰማያዊ ዓሣ ነባሪ አጽም ገዝቶ ነበር። 25 ሜትር የሚረዝመው ይህ አጽም የሚዘረጋበት አዳራሽ ጠፍቶ እስከ 1934 ዓ.ም. ድረስ ለሕዝብ ሳይታይ ቆየ፤ በ2017 ዓ.ም. ዋናው አዳራሽ ጣሪያ ላይ ተሰቀለ። የኦወን ሐውልት ለብዙ ዓመታት ቆሞበት የነበረው የዚያው አዳራሽ ደረጃ ግን ዛሬ የዳርዊን ሐውልት መቀመጫ ነው።

ጥርሰ ወፍራሙም ከዚያ ቤት አልቀረም። በ1927 ዓ.ም. መከር፣ ኦወን ከሞተ ከ35 ዓመት በኋላ፣ በስኮትላንድ ሰሜን ምሥራቃዊ ጠረፍ በዶርኖክ የባሕር ወሽመጥ 150 ያህል ፕሱዶርካዎች በአሸዋ ላይ ወጥተው ሞቱ። እንስሳው በብሪታንያ ጠረፍ እንዲህ በብዛት ታይቶ አያውቅም ነበር። ከሙዚየሙ የተላኩ ሰዎች ሥጋውን እየገፈፉ የብዙዎቹን አጽም በሣጥን አስገብተው ወደ ደቡብ ኬንሲንግተን ላኩት፤ ወጣቱም ሽማግሌውም፣ ወንዱም ሴቱም ያለበት አንድ ሙሉ መንጋ።